የነጂ ሳጉ 103 ሚሜ ሆኖ ሳለ ኋላው ለምን ይራገጣል?

ዳገት_ወጪ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የያዝኩት 250 ሲሲ ባለሁለት ምት ኢንዱሮ ነው። የኋላ ሾኩ በሊንኬጅ (ሾኩንና የጎማውን ክንድ በሚያገናኙ ተንቀሳቃሽ ማያያዣዎች) ይሠራል፣ የኋላ ጎማው 300 ሚሜ ይጓዛል፣ ሞላው ላይ 48 ኒውተን በሚሜ የሚል ተጽፎበታል። እኔ ከነሄልሜቴ፣ ከነቡቴና ከነውሃ ቦርሳዬ 85 ኪሎ ነኝ።

ሳግ (ኋላው በክብደት ምክንያት የሚወርደውን መጠን) ስለካ የወጣው ይኸው፦ ጎማው ተንጠልጥሎ 620፣ ሞተሩ ብቻውን ቆሞ 600፣ እኔ ወጥቼበት 517። ስለዚህ ባዶ ሳግ 20፣ የነጂ ሳግ 103 ሚሜ። ማኑዋሉ የነጂ ሳግ ከ100 እስከ 105 ይሁን ስለሚል ልክ ነው ብዬ ተውኩት።

ሆኖም ጠርዘኛ ድንጋይ ላይ ኋላው ሽቅብ ይወረወራል፤ ድንጋዩ አንድ ብቻ ቢሆንም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ደግሞ የኋላ ጎማው መሬት ይለቅና ፊቱ ይሰምጣል። ሪባውንዱ (የተጨመቀው ሾክ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚወስነው ማስተካከያ) 12ኛ ክሊክ ላይ ነበር፤ 9 ድረስ አጠበቅኩት፣ ብዙም ለውጥ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሊንኬጅ የሌላቸው፣ ሾካቸው በቀጥታ ስዊንግ አርሙ (የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ላይ የሚታሰር ሞተሮች አሉ። ሊንኬጁ በትክክል የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ያለ እሱ የሚቻል ከሆነስ ለምን መጣ?


ሞላና_ዘይት፦

ቁጥሮቹን ሁሉ ስላስቀመጥክ ተባረክ፤ ብዙ ሰው «ይራገጣል» ብሎ ጽፎ ይጠፋል።

መልሱ 103ቱ ላይ ሳይሆን 20ው ላይ ነው። ሞላህ ለክብደትህ ለስላሳ ነው። የነጂ ሳጉን 103 ላይ ለማድረስ የፕሪሎድ ቀለበቱ (ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቀው) ብዙ ስለጠበቀ ሞላው ገና ከመነሻው ተጨምቆ ተቀምጧል፤ ሞተሩ ብቻውን ሲቆም በቂ ያህል የማይወርደውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይገለብጡታል፦ ባዶ ሳጉ ሲያንስ «ሞላው ጠንካራ ነው» ብለው ይባስ ለስላሳ ይገዛሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የነጂ ሳጉ ልክ ሆኖ ባዶ ሳጉ ካነሰ ሞላው ለስላሳ ነው፤ ባዶ ሳጉ ከበዛ፣ ለምሳሌ 50 ከደረሰ፣ ሞላው ጠንካራ ነው። በሊንኬጅ ሞተር ላይ ከ30 እስከ 40 የተለመደው ነው፤ ከ25 በታች ሲሆን ሞላ መቀየር ይታሰባል።

ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን ተመልከት። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። ተጨምቆ የተቀመጠው ሞላ ያንን የቀለለ ኋላ በአንዴ እስከ ጫፍ ይዘረጋዋል። ከዚያ ወዲያ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ መሬት ይለቃል። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ለስላሳው ሞላ በጥልቀት ይሰምጥና ከዚያ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይመለሳል። ሪባውንድ ማጥበቅ ፍጥነቱን ይቀንስ እንጂ ምክንያቱን አያነሳም።

አሁን ሒሳቡ። ከባዶ ሳግ ወደ ነጂ ሳግ የወረደው 83 ሚሜ ነው (103 ሲቀነስ 20)። ይህ 83 በክብደትህና በሞላው ጥንካሬ ይወሰናል፤ ፕሪሎድ ብታጠብቅም ብታላላም አይቀየርም። ስለዚህ በተመጣጣኝ ማስላት ይቻላል፦

በ52 ሞላ፦ 83 × 48 ÷ 52 = 77 ገደማ። የነጂ ሳጉን 103 ላይ ስትመልሰው ባዶው 26 ይሆናል።
በ54 ሞላ፦ 83 × 48 ÷ 54 = 74 ገደማ። ባዶው 29 ይሆናል።

የሊንኬጁ ሬሾ (ሾኩ አንድ ሚሜ ሲጨመቅ ጎማው የሚጓዘው ሚሜ) በጉዞው መሃል ስለሚለዋወጥ አንድ ሁለት ሚሜ ሊዛነፍ ይችላል፤ ለመግዛት ግን ይበቃል። እኔ 54 እላለሁ። ሞላው በኪሎ በሚሜ ከተጻፈ በ9.81 አባዛው፦ 5.5 ኪሎ በሚሜ 54 ኒውተን ማለት ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ልኬቱን ድገመው፤ ሾክና ሊንኬጅ ሰበቃ ስላላቸው አንድ ጊዜ የተለካ ሳግ አይታመንም። ሜትሮው ከጎማው ፔርኖ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ በማርከር ያደረግከው አንድ ነጥብ ላይ ይድረስ። ሞተሩን ከመቆሚያው አውርድና ኋላውን ወደ ታች ተጭነህ ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ አንብብ። ቀጥሎ ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ አንብብ። አማካዩ ነው ትክክለኛው። አንተ ስትወጣበትም እንዲሁ። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ነጂ፣ መሪውን ይዞ ሚዛን የሚጠብቅ፣ የሚያነብ። የነዳጅ ታንኩ ግማሽ ይሁን፤ በእግር መርገጫው ላይ ቆመህ ከለካህ ሁልጊዜ ቆመህ ለካ።


ቸርኬ21፦

ከሞላ በፊት የጎማ ንፋስ! አንድ ድንጋይ ላይ የሚራገጥ ኋላ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ጠያቂውም ቁጥሩን አልጻፈም። ኢንዱሮ ጎማ ከካላማዳሪ ጋር በቀዝቃዛ ሲለካ ከ0.8 እስከ 1.0 ባር ነው (ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ)። ድንጋያማ ቦታ 0.9 ወይም 1.0፣ ጭቃና አሸዋ ላይ ዝቅ ይላል። 1.5 ላይ ከሆንክ ጎማው ድንጋዩን መዋጥ ትቶ ኳስ ሆኗል፤ ሾክ ብትቀይር አይፈታውም። ከ1.0 በታች ስትወርድ የጎማ መያዣ ብሎኑ (ሪም ሎክ) የግድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪውን ቫልቭ ይበጥሰዋል። የቫልቩን ዳዶ ደግሞ ቸርኬው ላይ አታጥብቀው፣ ወደ ካፑ ሰቅለህ ተወው፤ ቫልቩ መጣመም ሲጀምር ጎማው እየሸሸ መሆኑን ቀድመህ ታያለህ።

ሞላውን በተመለከተ 54 ትንሽ በዝቷል ባይ ነኝ። ዘገምተኛ፣ ሥርና ድንጋይ የበዛበት ቦታ ለሚነዳ ሰው 52 ይበቃል።


ኩሽኔታ_ጠባቂ፦

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ሊንኬጁ የደረቀ ወይም የላላ ከሆነ ግን የሳግ ቁጥሩም የክሊክ ቁጥሩም ውሸት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሽ።

ሞተሩን መቆሚያ ላይ አውጣና የኋላ ጎማውን ከሥር ይዘህ በቀስታ ወደ ላይ አንሳ። ሾኩ መጨመቅ ከመጀመሩ በፊት «ቀጭ» የሚል ክፍተት ከተሰማህ የሾኩ ላይኛ ወይም ታችኛ ኩሽኔታ፣ ወይም ከሊንኬጁ አንዱ አልቋል። አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ነው፤ ጭቃና ውሃ የሚቀበለው እሱ ስለሆነ። ይህ ክፍተት ሳጉ ውስጥ ይገባል። ጎማው ላይ 4 ሚሜ ክፍተት ካለ ያነበብከው 20 በእውነቱ 16 ነው።

ቀጥሎ ጎማውን አውጣ፣ የሾኩን ታችኛ ብሎን ንቀል፣ ስዊንግ አርሙን እስከ አግድም አንስተህ ልቀቀው። በራሱ ክብደት ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ወይ የፒቮቱ (ክንዱ የሚታጠፍበት ቦታ) ኩሽኔታ ደርቋል፣ ወይ ፔርኖው ከሚገባው በላይ ጠብቋል።

ፔርኖዎቹንና ቡሽኖቹን ጥረግና ጥፍርህን አሂድባቸው። ጥፍርህ ቡናማ ቦይ ውስጥ ከያዘ ቡሽኑም ኩሽኔታውም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስ ኩሽኔታ በተቦረቦረ ቡሽን ላይ ብታስገባ ቶሎ ይበላል። አንዳንዶቹ መርፌ ኩሽኔታዎች መያዣ ቀለበት የላቸውም፤ ቡሽኑን ስታወጣ መርፌዎቹ ዝር ብለው ይፈሳሉ። ከሥር ጨርቅ አንጥፍና ቁጠራቸው። ስትመልስ ግድግዳውን ወፍራም ግራሶ ቀብተህ አንድ በአንድ ለጥፋቸው፤ አንድ ቢጎድል የቀሩት እየተጣመሙ ቡሽኑን ይፍቁታል።

አሮጌ ኩሽኔታ በመዶሻ አይወጣም። ረጅም ብሎን፣ ሁለት ወፍራም ራንዴላና ልኩ የሆነ ቡሶላ ይዘህ ስበው። አሉሚኒየሙን ወደ 100 ዲግሪ ብታሞቅና አዲሱን ኩሽኔታ ፍሪዘር ውስጥ ብታቆየው ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ግራሶው ውሃ የማያጥበው ዓይነት ይሁን፤ በአቧራ መከላከያው ከንፈሮች መካከል ያለውን ቦታም ሙላው። ማጥበቂያው በማኑዋሉ ቁጥር፣ በቶርክ ቁልፍ። በጭቃ የሚነዳ በየ20 እስከ 30 ሰዓቱ ይክፈተው። የማጠቢያውን ጠንካራ ውሃ ከጎን ወደ ሊንኬጁ የሚደግን ደግሞ ግራሶውን በገዛ እጁ እያወጣ ነው።

ካቴናውንም አትርሳ። የፊት ጥርሱ መሃል፣ የስዊንግ አርሙ ፒቮትና የኋላው ፔርኖ በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው ከሁሉም ይበልጥ ይወጠራል። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ላላ ያለ ነገር ከሌለው ሾኩን የሚያቆመው ካቴናው ነው፤ ከዚያም አልፎ የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ይበላል።


የድሮ_ሞተር፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

የያማሃ ዲቲ-1 በ1968 ሲወጣ፣ 246 ሲሲ ባለሁለት ምት፣ ከመንገድ ውጪ መንዳትን ለብዙ ሰው የከፈተ ሞተር ነበር፤ ኋላው ላይ ግን እንደ ዘመኑ ሁሉ ሁለት ሾክ ጎንና ጎን ቆመውለታል። የዚያን ጊዜ የኋላ ጉዞ ወደ 100 ሚሜ ነው። ተወዳዳሪዎች ተጨማሪ ጉዞ ሲፈልጉ ሾኮቹን ወደ ፊት አስጠጉ፣ አስተኟቸውም። ጉዞው ጨመረ፣ ግን አጭር የሾክ እንቅስቃሴ ረጅም የጎማ እንቅስቃሴ ሲሸከም ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ሾኩ ሥራውን ያቆማል።

ቤልጅየማዊው መሐንዲስ ሉሲየን ቲልከንስ ያመጣው መላ አንድ ረጅም ሾክ ከታንኩ ሥር አስተኝቶ ከሦስት ማዕዘን ስዊንግ አርም ጋር ማያያዝ ነበር። ያማሃ ወሰደው፤ ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰን በ1973 የ250 ሲሲ የዓለም ሞቶክሮስ ሻምፒዮና በዚህ አሸነፈ፤ በ1975 ዋይዜድ250 ላይ ለገበያ ቀረበ። ጉዞው ረዘመ፣ ስዊንግ አርሙም መጣመም ተወ። ችግሩ ሾኩ ከሞተሩ ሙቀት በላይ ይተኛል፣ ክብደቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎማው እየሰመጠ ሲሄድ እንደሚፈለገው እየጠነከረ አይሄድም።

ሊንኬጅ የመጣው ለዚህ ነው። የካዋሳኪ ዩኒ-ትራክ በ1980፣ የሆንዳ ፕሮ-ሊንክና የሱዙኪ ፉል ፍሎተር በ1981 ተከታትለው ወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጎማው አንድ ሚሜ ሲወጣ ሾኩ የሚጨመቀው መጠን በጉዞው ሁሉ እኩል አይሆንም፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ መጨረሻ ላይ ብዙ። ሬሾው መነሻ ላይ 3.0፣ መድረሻ ላይ 2.5 ነው እንበል። ጎማው ላይ የሚሰማው የሞላ ጥንካሬ በሬሾው ካሬ ስለሚካፈል 9 ለ6.25 ይሆናል፤ ያው ሞላ መጨረሻ ላይ 44 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ሾኩም በፍጥነት ስለሚንቀሳቀስ የዘይቱ መቋቋም አብሮ ያድጋል። ትንሽ ድንጋይ ላይ ለስላሳ፣ ከዝላይ ስታርፍ ጠንካራ፤ በአንድ ሞላ።

ያለ ሊንኬጅም ይቻላል። ኬቲኤም በ1998 ፒዲኤስ የሚባለውን አመጣ፦ ሾኩ ጋደል ብሎ በቀጥታ ስዊንግ አርሙ ላይ ይታሰራል፤ መጨረሻ ላይ የሚፈለገውን ጥንካሬ የሚያመጣው ሾኩ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ፒስተን ነው። ኩሽኔታው ጥቂት ነው፣ ከሥር ተንጠልጥሎ ግንድ ላይ የሚጋጭ ነገር የለም፣ ይቀላል። ለሞቶክሮስ ግን ኬቲኤም ራሱ ከ2011 ጀምሮ የኤስኤክስ ሞዴሎቹን ወደ ሊንኬጅ መለሰ፤ የኢኤክስሲ ኢንዱሮዎቹ በፒዲኤስ ቀጠሉ። ይህ በራሱ ይበቃል መሰለኝ፦ ከፍ ብሎ የሚዘልና በጨፈቃ የሚያልፍ ሰው ፍላጎት አንድ አይደለም። የፒዲኤስ የነጂ ሳግ ብዙውን ጊዜ ከ105 እስከ 115 ስለሆነ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አትውሰድ።


ዳገት_ወጪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎማው 1.5 ባር ነበር፤ አሁን 0.95። የሾኩ ታችኛ ኩሽኔታ ላይ ክፍተት ተገኘ፣ ጎማው ላይ 4 ሚሜ ይመጣል፤ ኩሽኔታውም ቡሽኑም ተቀየሩ። ከዚያ በአሮጌው ሞላ እንደገና ሲለካ ባዶ 16፣ የነጂ 99፤ ልዩነቱ ያው 83። 54 ሞላ ገባ፤ የነጂ ሳግ 103 ላይ ባዶው 28 ሆነ።

ርግጫው ለቋል። የቀረው፦ ቁልቁለት ላይ ፊቱ አሁንም ይሰምጣል፣ እንዲያውም የባሰ ይመስላል። ሪባውንዱንስ ከየት ልጀምር? ቀለበቱን ሳዞር ደግሞ አሸዋ ሲፈጭ ይሰማል፤ ልተወው?


ሞላና_ዘይት፦

83ቱ ኩሽኔታ ተቀይሮም አለመነቃነቁ ልኬትህ ጥሩ መሆኑን ያሳያል።

ሪባውንድ፦ ጠንካራ ሞላ በበለጠ ጉልበት ስለሚመለስ ከማኑዋሉ መነሻ ሁለት ክሊክ አጥብቅ። ክሊክ የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ በእርጋታ ዘግተህ ወደ ውጭ ስትመለስ ነው፤ በኃይል ከዘጋኸው መርፌው መቀመጫውን ይጎዳል። ከዚያ ተመሳሳይ ድንጋይ የተደረደረበት አጭር ቦታ ምረጥ። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ደህና ሆኖ ሦስተኛና አራተኛው ላይ መራገጥ ከጀመረ ኋላው ሳይመለስ እየተጨመቀ ነው፤ ሁለት ክሊክ ክፈት። አንዱ ላይ ብቻ ከተወረወረ አጥብቅ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። የአራት ምት ሞተር ነጂ የሚሰጥህን የክሊክ ቁጥር ደግሞ እንዳለ አትውሰድ፤ ጋዝ ስትለቅ የእሱ ሞተር ኋላውን አጥብቆ ይይዛል፣ ያንተ ግን በነፃ ይንከባለላል።

ቀለበቱን እንዲያ አታዙር። ጥርሱ አሉሚኒየም ነው፤ አሸዋ ከገባበት ይላጫል። መጀመሪያ በብሩሽና በውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ከዚያ የላይኛውን መቆለፊያ ቀለበት ፍታ። በብዙ ሾኮች አንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሜ ሞላ ይጨምቃል፣ ጎማው ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሜ ሳግ ይቀይራል።


ቸርኬ21፦

54ቱ ይሁንልህ፣ ቁጥሩ ተናግሯል።

ፊቱ የባሰበት ምክንያት አለው። ኋላው ጠንክሮ እንደ ድሮው በጥልቀት አይሰምጥም፣ ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፣ ፎርኩ (የፊት ሾኩ) ግን ያው ነው። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ የፊት ጎማው አየር ላይ ሆኖ ፎርኩ ሲቀዘቅዝ የላይኞቹን የአየር ማስወጫ ብሎኖች ከፍተህ ዝጋ። ሁለተኛ፣ የፎርኩ ቱቦዎች ከላይኛው መያዣ በላይ ስንት ሚሜ እንደወጡ ለካ፤ 5 ሚሜ ወደ ታች ብታወርዳቸው ፊቱ ከፍ ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ይረጋጋል፣ መታጠፊያ ላይ ግን ትንሽ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ ፔርኖውን የሚይዙትን ብሎኖች አላላ፣ የፊት ፍሬን ይዘህ ፎርኩን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭነህ ልቀቅ፣ ከዚያ አጥብቃቸው። ሁለቱ እግሮች ተጣመው የታሰሩ ከሆነ ፎርኩ ይይዛል፤ ሲለቅ ደግሞ በአንዴ ይሰምጣል።

ካልተስተካከለ የፎርክ ሞላ ነው የሚቀጥለው። የፋብሪካው 4.2 ኒውተን በሚሜ ከሆነ ለ85 ኪሎ 4.4 አስገባ፣ ሁለቱንም እግር። ኮምፕሬሽን (ሲጨመቅ የሚቋቋመውን ማስተካከያ) በማጥበቅ መስመጡን ለማስቆም አትሞክር፤ ትንሹን ድንጋይ ሁሉ እጅህ ላይ ያመጣዋል።


ኩሽኔታ_ጠባቂ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ሾኩ ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ከ40 እስከ 50 ሰዓት ከነዳህበት ጊዜው ነው። ምልክቱ፦ ጠዋት ደህና የነበረው ሪባውንድ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲሞቅ የላላ ይመስላል፣ በክሊክም አይስተካከልም። ዘንጉ ላይ ዘይት ካየህ ፓራኦሊዮው ሄዷል። ይህን ግን ራስህ አትክፈተው፤ የሾኩ ጋዝ ማጠራቀሚያ ውስጥ 10 ባር ገደማ ናይትሮጅን አለ። ጋዙ ሳይወጣ ክዳኑ ከተነካ ፊት ላይ ይወረወራል፤ መልሶ ለመሙላትም የናይትሮጅን ሲሊንደርና ሬጉሌተር ያለው ቤት ያስፈልጋል።